ጭማሪው የቀነሰባቸው ሠራተኛ

በ2011 ዓ.ም. በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ፔሮል እሠራ ነበር። የግንቦት ደመወዝ በተከፈለ ማግስት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ በዕድሜ ለአባቴ የሚቀርቡና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ የሁለት ወር የክፍያ ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉልኝ። የሚያዝያው ደመወዝ 5,200 ብር፣ የግንቦቱ 5,400 ብር ይላል፤ እጃቸው ላይ የደረሰው ግን በሚያዝያ 4,098 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በግንቦት 3,974 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። «ልጄ፣ ጨመርንልህ ብላችሁ 124 ብር ወሰዳችሁብኝ» አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በትዝብት።

እኔም ሳላመነታ «ጋሼ፣ እርከን ስለተሻገሩ ነው፤ ከ5,250 ብር በላይ 25 በመቶ ነው የሚቆረጠው» ብዬ መለስኩላቸው። ጭማሪን ግብር ይበላዋል የሚለው ወሬ በየመሥሪያ ቤቱ ስለሚነገር እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ቢያንስ የሚያዝያውን ያህል እንዲያገኙ ደመወዛቸው ስንት መሆን ነበረበት ብዬ ከተጣራው ክፍያ ወደ ጠቅላላው ደመወዝ ወደ ኋላ ማስላት ጀመርኩ። ኤክሴሉ ላይ ያለው ቀመር የሰጠኝ መልስ 5,582 ብር ከ35 ሳንቲም ነበር። ይህም ማለት 5,200 ብር የሚከፈለው ሰውና 382 ብር የሚበልጠው ሰው እኩል የተጣራ ገንዘብ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ማለት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ስለ ፈንክሽን፣ ማለትም ለሚገባለት ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ መልስ ስለሚሰጥ ቀመር፣ ሲያስተምሩን መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አግድም መስመር እያሰመሩ «መስመሩ ግራፉን ሁለት ቦታ ከነካው ፈንክሽኑ አንድ ለአንድ አይደለም፤ ወደ ኋላም አይመለስም» ይሉን የነበረውን፣ ለፈተና ሸምድጄ የተውኩትን ነገር ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ የተጣራ ደመወዝ ምን ዓይነት ፈንክሽን ነው የሚል ሆነ። በወቅቱ የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደመወዝን በሰባት እርከን ይከፍል ነበር፤ እስከ 600 ብር ግብር አልነበረም፣ ከዚያ በላይ ምጣኔው ከ10 በመቶ ተነሥቶ ከ10,900 ብር በላይ 35 በመቶ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ፈንክሽኑ ሰባት ቀጥተኛ መስመሮች ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። ወሬው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱ ምጣኔ የሚያርፈው ከእርከኑ ወሰን በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ በሙሉው ደመወዝ ላይ አይደለም። እኛ የፔሮል ሰዎች ሙሉውን በምጣኔው አባዝተን «ተቀናሽ» የምንለውን ቁጥር የምንቀንሰውም ይህንኑ ለማስተካከል ነው። በ5,250 ብር ላይ በ20 በመቶው መስመር ብንሄድ 1,050 ሲቀነስ 302.50፣ ማለትም 747.50 ብር ይሆናል፤ በ25 በመቶው ብንሄድ ደግሞ 1,312.50 ሲቀነስ 565፣ ያው 747.50 ነው። መስመሮቹ ወሰኑ ላይ ይገጥማሉ፤ ዝላይ የለም፤ ፈንክሽኑ ተከታታይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ይበልጥ ይጠቅማል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ከምትጨመር አንዲት ብር ለሠራተኛው የሚቀረው በመጀመሪያው እርከን 93 ሳንቲም፣ በመጨረሻው 58 ሳንቲም ነው። ግራፉ ተዳፋትነቱ እየለዘበ የሚሄድ ዳገት ነው እንጂ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ጨርሶ የለውም። ግብሩ ራሱ አንድ ለአንድ አይደለም፤ 300 ብር የሚያገኘውም 600 ብር የሚያገኘውም እኩል ዜሮ ይከፍላሉና። የተጣራው ደመወዝ ግን ጠቅላላው ሲጨምር ሁልጊዜ አብሮ ስለሚጨምር አንድ ለአንድ ነው፤ ሁለት መልስ ሊሰጠኝ አይችልም። እንግዲህ ለጋሼ የሰጠሁት ማብራሪያ፣ አንድም ቁጥር ሳይሰላ፣ ሊሆን የማይችል ነበር።

ቀመሩን ከፍቼ ሳየው በአምስተኛው እርከን ላይ ምጣኔው 25 በመቶ ተብሎ ተስተካክሎ ተቀናሹ ግን ከላይኛው ረድፍ እንደተገለበጠ 302.50 ሆኖ ቀርቷል። የገለበጥኩት ራሴ ነበርኩ። በድርጅታችን ከ5,250 እስከ 7,800 ብር ድረስ የሚከፈለው ሰው ስላልነበረ፣ ቀመሩ ሠራተኛ በነበረበት ነጥብ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሰው ባልነበረበት ክፍተት ውስጥ ለወራት ተሳስቶ ተቀምጧል። ግራፉን ስስለው ዳገቱ 5,250 ላይ ሲደርስ በ262 ብር ከ50 ሳንቲም ቁልቁል ተሰብሯል።

የግንቦቱ የተጣራ ክፍያ 4,237 ብር መሆን እንደነበረበት ለጋሼ ነግሬ ልዩነቱን ስሰጣቸው ገንዘቡን ቆጥረው «ታዲያ ያ እርከን ያልከኝ ምን ነበር?» አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ፊቴ መጋሉን ግን አልረሳም።

በዚያ ሳምንት በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቀመሮች ሁሉ በባሕርያቸው ለየኋቸው። ጡረታው ከዜሮ የሚነሣ አንድ ቀጥተኛ መስመር ነው። የሽያጭ ሠራተኞች ኮሚሽን ግን እንደ ደረጃ የሚዘል ነው፤ በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ የተለያዩ ሽያጮች አንድ ዓይነት ክፍያ ስለሚያስገኙ ከኮሚሽኑ ተነሥቶ ሽያጩን ማወቅ አይቻልም፤ መዝለሉም ሰንጠረዡ ሲወጣ የታሰበ እንጂ ስሕተት አይደለም። (ሻጮቻችን ወሰኑ አጠገብ ሲደርሱ ደንበኛ የሚያሳድዱት ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።)

በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ገንዘብ 2,000 ብር ሲደርስ ሌላ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። አዲሱን ሰንጠረዥ ካስገባሁ በኋላ ከማንም ደመወዝ በፊት ወሰኖቹን፣ 2,000ን፣ 4,000ን፣ 7,000ን፣ 10,000ንና 14,000ን፣ እያንዳንዳቸውን ከታችም ከላይም ባለው ቀመር አሰላሁ። በመጨረሻው ወሰን 30 በመቶው 4,200 ሲቀነስ 1,350፣ 35 በመቶው 4,900 ሲቀነስ 2,050 አሉ፤ ሁለቱም 2,850 ላይ ተገናኙ።