መስመሩ

ሐኪሟ እስክሪብቶ አነሳችና ከእምብርቴ በታች፣ ከአንዱ ዳሌዬ እስከ ሌላው ረጅም መስመር አሰመረች። «የቀዶ ጥገናው ጠባሳ እዚህ ጋ ነው የሚሆነው» አለችኝ።

40 ኪሎ ቀንሻለሁ። ቆዳዬ ግን ወሬውን አልሰማም፤ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። («ስፖርት ያጠብቀዋል» ስትሉኝ ለነበራችሁ፦ ጡንቻን እንጂ እንዲህ የተለጠጠ ቆዳን አይመልስም።) እጥፋቱን አንስታ ከሥሩ ያለውን ሽፍታ ስታይ አፈርኩ። እሷ «ላቡ ነው» ብላ አለፈችው።

ከዚያ ጥያቄ። ኪሎሽ ሳይወጣ ሳይወርድ 6 ወር ቆይቷል? ታጨሻለሽ? መውለድስ ታስቢያለሽ? እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እርግዝና መልሶ ሊለጥጠው ይችላል አለች። ደግሞም ቀዶ ጥገናው ማክሳሚያ አይደለም፤ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ማውጣት፣ የላላውን የሆድ ጡንቻ ሰብስቦ መስፋት ነው። ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት የለም።

«አስቢበት» ብላ ሸኘችኝ።

ስቀንስ ሁሉም አጨብጭቦልኛል። ስለተረፈው ቆዳ ግን ማንም አላወራኝም፤ እኔም ለማንም አላወራሁም። በልብስ ስር ደብቄው ነው የኖርኩት።

ማታ መስታወት ፊት ቆሜ መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። ሳሙናው እጄ ላይ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።