ሁለቱ ወቃጮች

ሐምሌ ሲገባ እንጨትም ሰውም ይከብዳል። ዛሬ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዋለ፤ መብራትም የለም፤ ሥራ መጀመርም አላሰኘኝም። ከእነ ት. ቤት ለጥገና የመጣችውን አሻንጉሊት አንሥቼ ሁለቱን ዘንጎቿን ገፋ ሳብ አደረግኋቸው። ዘንጎቹ ላይ ቆመው ሙቀጫ የሚወቅጡት ሁለቱ የእንጨት ሴቶች ይንቀሳቀሳሉ፤ ግን ያንገራግራሉ፤ ሙቀጫውም ድምፅ አይሰጥም።

«ፒኑ አብጦ ነው» ይባላል ሁልጊዜ። ሴቶቹን ከዘንጎቹ ጋር የሚያይዘው ፒን ግን አላግባብ ነው የሚወቀሰው። 4 ሚሊ ውፍረት ያለው የቀርከሃ ፒን እርጥበት 3 በመቶ ቢያሳብጠው እንኳ የሚጨምረው 0.12 ሚሊ ነው፤ ቀዳዳው 4.5 ሚሊ ከተበሳለት አይነካውም። የሚነክሰው ሹካው ነው፤ ዘንጎቹን የሚጎርሰው የተሰነጠቀው የቀሚሳቸው ግርጌ ማለት ነው። ዘንጉ 8 ሚሊ ውፍረት ኖሮት የሹካው ክፍተት 8.5 ከሆነ፣ ዘንጉ በክረምት ሩብ ሚሊ ያህል ያብጣል፤ የቀረውን ቦታ ደግሞ በዘንጉ ፊትና በሹካው ውስጥ የተደራረበው ቫርኒሽ ይወስደዋል። ስለዚህ ሹካው 9 ሚሊ ይሁን፤ እንጨት ከእንጨት የሚፋተግበት ቦታ ላይ ቫርኒሽ ጨርሶ አይድረስ። እዚያ የሚያስፈልገው ሰም ነው፤ ከጠፋ ሻማም ይሆናል።

ይህችን አሻንጉሊት የምወዳት ሁለት ዘንግና አራት ፒን ብቻ ይዛ ይህን ሁሉ ስለምትሠራ ነው። ዘንጎቹ እንደ መሰላል እርከን አንዱ ከአንዱ በላይ ይጋደማሉ፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የቀሚሳቸው ግርጌ እንደ ሹካ ተሰንጥቆ ሁለቱንም ዘንግ ይጎርሳል። እያንዳንዷ አንድ ፒን ከላይኛው ዘንግ ጋር፣ አንድ ፒን ከታችኛው ጋር ያይዛታል። ሙቀጫው ላይኛው ዘንግ መካከል ላይ በኮላ ይለጠፋል። አንዱ ዘንግ ሲገፋ ሌላው ሲሳብ ሁለቱም ሴቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ፊት ለፊት ስለቆሙ ግን ለአንዷ ማጎንበስ የሆነው ለሌላዋ ቀና ማለት ነው። ተራ በተራ የሚወቅጡት በዚህ ነው፤ ሌላ ምንም የሚያስተካክላቸው ነገር የለም። ሩሲያ ውስጥ የቦጎሮድስኮዬ መንደር ጠራቢዎች በዚሁ ስልት ሰውና ድብ ተራ በተራ ብረት ሲቀጠቅጡ ይሠራሉ። እኛ ጋ ሲመጣ ሙቀጫና ዘነዘና ከመሆን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የምሠራበት ልክ ይህ ነው። ዘንጎቹ 25 ሴንቲ ርዝመት፣ 18 ሚሊ ቁመት፣ 8 ሚሊ ውፍረት፤ በመካከላቸው 6 ሚሊ ክፍት ቦታ። ስለዚህ በአንዷ ሴት ላይ ያሉት ሁለት ፒኖች ከመሃል እስከ መሃል 24 ሚሊ ይራራቃሉ። ዘንጉ 10 ሚሊ ሲንሸራተት ሴትየዋ 25 ዲግሪ ታዘነብላለች፤ እጇ ከፒኑ 6 ሴንቲ ወደፊት ከተዘረጋ ዘነዘናው ከ25 ሚሊ በላይ ይወርዳል። ይህ ይበቃል። ሴትየዋ 20 ሚሊ ውፍረት ካለው ዋንዛ ትቆረጣለች፤ የሹካው ሁለት ጉንጮች እያንዳንዳቸው 5.5 ሚሊ ይሆናሉ። የእንጨቱ ቃጫ ከራስ ወደ እግር ይውረድ፤ ተጋድሞ ከሄደ ጉንጩ በመጀመሪያው መውደቅ ይሰበራል። ባህር ዛፍ ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ጽድ ደግሞ ፒን ሲገባበት ይሰነጠቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው የሹካውን ጣሪያ፣ ማለትም ስንጥቁ ከላይ የሚያበቃበትን ቦታ ነው። ከላይኛው ፒን መሃል እስከ ጣሪያው 10 ሚሊ ብቻ ከተተወ፣ ቆማ ስትታይ ምንም ጉድለት የላትም፤ ገፋ ሲያደርጓት ግን 4 ዲግሪ ሳትደርስ ትቆማለች፤ የዘንጉ ጠርዝ ከጣሪያው ማዕዘን ጋር ይጋጫልና። ቀሚሷ 30 ሚሊ ስፋት ካለው ለ25 ዲግሪ 17 ሚሊ ግድ ይላል፤ እኔ 18 እተዋለሁ።

መብሳቱ ከመቁረጡ ይቀድማል። እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን ሳለ ሞርሳ (እንጨት መያዣ) ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰራል፤ ቅርጽ ከወጣለት በኋላ የሚያዝበት ቀጥ ያለ ጎን የለውም። ሁለቱ ዘንጎች በፕላስተር አንድ ላይ ታስረው ይበሳሉ፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ እንደተበሳ ፒን ይሰካበትና ወደ ሁለተኛው ይታለፋል። ለሴቶቹ 24 ሚሊ የተራራቁ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት የብረት ቁራጭ መምሪያ ይሆናል። ከሥር ትርፍ እንጨት ካልተደረገ ፑንታው (የሚበሳው ብረት) ሲወጣ ቃጫውን ገንጥሎ ይወጣል። ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) ቆሞ የሚበሳ ቢሆን ይመረጣል፤ የተንጋደደ ቀዳዳ ሴትየዋን ያጣምማታል፣ የተጣመመች ሴት ደግሞ ሹካዋ ዘንጉን እየፋቀ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በአንዱ ዘንግ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ርቀት ከሌላው በ1 ሚሊ ቢለይ አሻንጉሊቷ አትቆምም፤ ትሄዳለች። ግን የአንዷ ማዘንበል ከሌላዋ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ይለያል፤ ይህ ዘነዘናው ጫፍ ላይ ሲደርስ 2.5 ሚሊ ይሆናል። አንዷ ሙቀጫውን ስትመታ ሌላዋ አየር ላይ ትቀራለች። ሦስተኛ ሴት የጨመረ ሰው ደግሞ ያችው 1 ሚሊ ጭራሽ ትቆልፍበታለች፤ ሁለት ሴቶች ስህተቱን ተካፍለው ይችሉታል፣ ሦስት ሲሆኑ መሄጃ የለውም።

የእነ ት. አሻንጉሊት ችግርም ይኸው የቀዳዳ ርቀት ሳይሆን አይቀርም፤ ሹካዋን ብሞርደውም ድምፁ በዚያ ብቻ አይመለስም። ለድምፁ ሲባል ዘነዘናው ከወይራ፣ ሙቀጫው ከደረቀ ዋንዛ ይሁን፤ ሙቀጫው ሳይቦረቦር አናቱ ብቻ ትንሽ ይጎድጉድ። ዘነዘናው ቅስት ሠርቶ ስለሚወርድ ጠባብ አፍ ውስጥ አይገባም፤ ከንፈሩን ነው የሚመታው።

ፒን ለመሥራት ቀርከሃው ይሰነጠቅና 4 ሚሊ ቀዳዳ ባለው ጠንካራ ብረት ውስጥ በመዶሻ እየተመታ ያልፋል፤ ክብ ሆኖ ይወጣል። ፒኑ በሴትየዋ ጉንጭ ላይ ጥብቅ፣ በዘንጉ ውስጥ ልል ነው፤ ኮላ የሚነካው ጉንጩን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ እጄ የሚያመነታው። በኮላ የተያዘ ፒን ለጥገና ሲፈለግ በፑንታ ተበስቶ ካልሆነ አይወጣም። ያልተለጠፈ ፒን ደግሞ 2 ሴንቲ ርዝመት ያለው ትንሽ ነገር ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ሊያንቅ የሚችል ነገር የሚለካበት ሲሊንደር ስፋቱ 31.7 ሚሊ ነው፤ ፒኑ ገብቶ ይሰወርበታል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ፒኑን ነቅሎ፣ ሴቶቹን አውጥቶ፣ መልሶ መግጠም ከራሱ ከጨዋታው ይበልጣል፤ ተራ በተራ የሚወቅጡበትን ምክንያት በጣቱ ያገኘዋል። በእነ ት. ቤት ያሉት ልጆች ደግሞ አንዱ አምስት ዓመቱ፣ አንዷ ዓመት ተኩሏ፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ፒኑን ትቼ በመፍቻ ብቻ በሚፈታ ብሎን ብይዘውስ? 5.5 ሚሊ ጉንጭ የብሎን ጥርስ አይሸከምም። ጉንጩን 8 ባደርገው ሴትየዋ 25 ሚሊ ትወፍራለች፤ ያኔ ክብደቷን ያ ቀጭን ዘንግ ይችለዋል?