ለእስረኛ መርፌና ክር ስጡት

ደራሲው ኦስካር ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ውስጥ ዋንድስወርዝ በሚባል እስር ቤት ታስሮ ነበር። ያኔ የእንግሊዝ እስረኞች ከሚቀጡባቸው ሥራዎች አንዱ ገመድ መፈልቀቅ ነው። ሬንጅ የጠጣ አሮጌ የመርከብ ገመድ ይሰጣቸዋል፤ እሱን በጣትና በጥፍር እየፈለቀቁ ጭረት በጭረት መለያየት ነው። ጥፍር ይነቀላል፣ ጣት ይደማል። ዋይልድም ከዚህ ሥራ አላመለጠም። የተፈለቀቀው ጭረት የመርከብ ስንጥቅ መድፈኛ ይሆናል፤ እስረኛውን ግን ነገም ሌላ ገመድ ይጠብቀዋል።

እዚያው ዋንድስወርዝ ውስጥ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ወንድ እስረኞች ቁጭ ብለው ብርድ ልብስ ሰፉ። ባለ ስድስት ማዕዘን ቁርጥራጭ ጨርቆችን እየጠለፉ፣ ስለ እስር ቤት ኑሮ ያላቸውን ነገር በመርፌ እየተናገሩ አገጣጠሙት። ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ትልቁ ሙዚየም ነው ያዘዛቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ1700 ወዲህ የተሰፉ ብርድ ልብሶችን ሰብስቦ ሲያሳይ የነሱንም ሥራ አብሮ አሳየ።

"የእጅ ሥራ እስረኛን ይፈውሳል" ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው በዚህ የተነሳ ነው። የትኛው የእጅ ሥራ? ለማን የሚሠራ? ተከፍሎት ነው ወይስ በነፃ?

ብርድ ልብሱን ያሠራው ፋይን ሴል ወርክ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መሥራቿ ሌዲ አን ትሪ የባላባት ልጅ ነበሩ። ሆሎዌይ የሚባለውን የሴቶች እስር ቤት ለረጅም ጊዜ ሲጎበኙ ኖረዋል፤ እዚያ ጥልፍ አሠሩ፣ ሥራውም ተሸጠ። ግን ገንዘቡን ለሠሩት እስረኞች መስጠት አይቻልም ነበር። እሳቸውም አልተዉትም። ለአሥርተ ዓመታት ባለሥልጣናቱን ሲጎተጉቱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተሳካላቸውና ድርጅቱ ሥራ ጀመረ። በዚህ በጣም አከብራቸዋለሁ። መርፌ ማስተማር ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ "የሠራ ሰው ይከፈለው" ብሎ ዕድሜውን የሚጨርስ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ከሚሰፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። እኛን ይሄ ሊገርመን አይገባም፤ ጥበቡን የሚሸምነው፣ ጥለቱን የሚጥለው ወንድ አይደል እንዴ? እንግሊዝ ግን ጥልፍ የሴት ሥራ ተብሎ የኖረ ስለሆነ፣ ጎልማሳ ወንድ የሶፋ ትራስ ላይ ወፍ ሲጠልፍ ማየት ለነሱ አዲስ ነገር ነው።

በጎ ፈቃደኞች መጥተው ያስተምራሉ። ከዚያ ሰውየው ሥራውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ በሩም ይቆለፋል። እንግሊዝ ውስጥ በቀን ከ20 ሰዓት በላይ ተቆልፎበት የሚውል እስረኛ ብዙ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ሐሳብ ሰውን ይበላዋል፤ ጸጸቱ፣ የፍርድ ቤቱ ቀን፣ የልጆቹ ነገር፣ የበደለው ሰው ፊት። እጅ መርፌ ሲይዝ ግን ዓይን ቀዳዳ መቁጠር ይጀምራል፣ ሁለት ወደ ላይ አንድ ወደ ጎን፣ ትንፋሽም ሳይታወቅ ከእጁ ጋር እየረጋ ይመጣል። እኔም ኪሮሽ ስለምሠራ አውቀዋለሁ፤ አንድ ረድፍ ሳልጨርስ ንዴቴ ይበርዳል። ደግሞ የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፣ እንደገና ይሰፋል። ያጠፋውን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ለማይችል ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለኔ ዋናው ግን ሌላ ነው። ትራሱ ይሸጣል፣ የሰፋው ይከፈለዋል፣ የገዛውም ሰው ከፈለገ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፍለታል። በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ የእጁ ሥራ ተቀምጧል ማለት ነው። ሰው የሚድነው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ሥራውን የሚጠብቅ ሰው ሲኖር።

ይህን የተማርኩት ከሰፈራችን ሰው ነው። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። በደርግ ጊዜ ብዙ ዓመት ከርቸሌ ታስረዋል። እዚያ ወንዱም ሹራብና ዳንቴል ይሠራ ነበር። ክር ከየት ይምጣ? ያረጀ ሹራብ ይተረተራል፣ ክሩ ይነከራል፣ እንዳይጠቀለል በእርጥቡ ተወጥሮ ይደርቃል። መርፌው የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ እየተፈገፈገ ጫፉ የተሳለ። ጋሼ ሲታሰሩ ልጃቸው ገና ዳዴ ትል ነበር። ሹራብ ሊሠሩላት ፈለጉ፤ ቁመቷን ግን አያውቁም። ባለቤታቸው ታዲያ ስንቁ የተቋጠረበትን ጨርቅ በክር አስረው ይልካሉ፤ ክሩ ልክ በልጅቷ ቁመት የተቆረጠ ነው፣ የእጇን ርዝመት የሚያሳይ ቋጠሮም አለበት። ፈታሹ የሚያየው ማሰሪያ ብቻ ነው። በየጊዜው አዲስ ክር ይመጣል፣ በየጊዜው ይረዝማል።

"ልጄን በክር ነው ያሳደግኳት" አሉኝ አንድ ቀን ቡና ላይ።

"እንዴት ቻሉት ጋሼ?"

"ምኑን ቻልኩት! እጅጌው ይቀረኝ ነበራ። እጅጌ ሳይጨርስ ማን ይሞታል?"

ከሹራቦቹ አንዱ አሁንም አለ፣ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ቡናማ ነው። ክሩ ስላለቀባቸው አንገቱ በሰማያዊ ተጨርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1841 ራጃ በምትባል መርከብ ከእንግሊዝ ወደ ዛሬዋ ታዝማኒያ የተጋዙ 180 ያህል ሴት እስረኞች ነበሩ። ለእስረኞች ስትታገል የኖረችው የኤልዛቤት ፍራይ የሴቶች ማኅበር ለጉዞው መርፌ፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰጣቸው። ከሦስት ወር በላይ ባሕር ላይ ናቸው። ከመካከላቸው የተወሰኑት ተሰባስበው ከ2,800 በላይ ቁራጭ ያለው ብርድ ልብስ ሰፉ፤ ዛሬ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ ይገኛል። ስፌቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዷ ባለሙያ ናት፣ ሌላዋ ገና መርፌ መያዟ ነው። ለማን እንደሠሩት ግን እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ በክር ጽፈውታል፤ ጨርቁንና መርፌውን ለሰጧቸው ሴቶች ምስጋና ነው። ሊያገኟቸው የማይችሉ ሰዎች፣ በሌላኛው የዓለም ጫፍ።

"ለወንጀለኛ ጥልፍ? የተበደለውስ?" የሚል ሰው አለ። ተበዳዩ ካሣም ፍትሕም ይገባዋል፤ ይሄ የማያከራክር ነው። ግን ከታሰሩት አብዛኞቹ አንድ ቀን ወጥተው ከኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ዓመታቱን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ከሚወጣ ሰው ይልቅ፣ የጀመረውን ሥራ መጨረስ የለመደና ኪሱ ውስጥ ትንሽም ብትሆን የላቡን ገንዘብ የያዘ ሰው ጎረቤቴ ቢሆን እመርጣለሁ።

የኛም ማረሚያ ቤቶች ውስጥ ሽመናውም ስፌቱም አለ፤ የታራሚዎች ሥራ ተብሎ ባዛር ላይ ጋቢው፣ ዳንቴሉ ሲሸጥ ታያላችሁ። ስትገዙ ዋጋ አትከራከሩ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለሠራው ሰው እንደሚደርስ ግን ጠይቁ፣ ሳታፍሩ። የምትጠይቁት እስረኛ ካላችሁ ደግሞ ከብርቱካኑ ጋር ክር ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቁ። ከተፈቀደም ክሩን ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ለልጅ ኮፍያም ቢሆን ቀለሙን፣ ልኩን፣ የሚያደርገውን ልጅ ስም ነግራችሁ እዘዙት።