ኢየሱሳዊው ፖፕ ቂርቆስ ልቅሶ ቤት

አጎቴ ፊት «ኢየሱሳውያን» የሚባሉትን የካቶሊክ ማኅበር ካነሣህ፣ በሱስንዮስ ጊዜ ከሮም ፓትርያርክ ተብሎ የተላከውን አልፎንሱ ሜንዴዝን ጠራህ ማለት ነው። ቡና ላይ ተቀምጠው ያንን ዘመን ሲያወሩ፣ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ሲባል እዚያው የነበሩ ነው የሚመስሉት። መጋቢት 2005 ላይ ፍራንሲስ የመጀመሪያው ኢየሱሳዊ ፖፕ ሆነው ተመረጡ ሲባል «ደግሞ ምን ሊያመጡብን ነው!» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ የካቶሊኮቹ ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ፖፑ ሮም ውስጥ ወዳለ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ቤት ሄደው የ12 ልጆችን እግር አጠቡ፤ ተንበርክከው ሳሙም። ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ አንዷ ደግሞ ሙስሊም። እኛ ዘንድ ካህኑ በወይንና በወይራ ቅጠል የሚያጥበው የምእመኑን እግር ነው። አጎቴ «ሥርዓት አፈረሱ» ብለው ተቆጡ። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ጉልበታቸው ላይ ነበር። የ76 ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም በወጣትነታቸው ከሳንባቸው ከፊሉ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው።

ሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችን ሲታረዱ እኛ ሰፈር ድንኳን ተጣለ። ከሟቾቹ መካከል የቂርቆስ ልጆች ነበሩበት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንጀራውንም ውሃውንም ተሸክመው ቀድመውን ደርሰዋል። በዚያ መሀል አንድ ልጅ ፖፑ ለአቡነ ማትያስ የላኩትን መልእክት ከስልኩ አነበበ፦ ሟቾቹ ካቶሊክ ይሁኑ ኮፕት፣ ኦርቶዶክስ ይሁኑ ፕሮቴስታንት ለውጥ የለውም፣ ደማቸው አንድ ነው ይላል።

«ማነው የጻፈው?» አሉ አጎቴ።

«ፖፑ ናቸዋ።»

«ያ ኢየሱሳዊ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «እስቲ ድገመው» አሉት።

ጥር 2011 ላይ ከአል አዝሃር፣ ከካይሮው የእስልምና ትምህርት ማዕከል፣ ታላቅ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ ጋር አቡዳቢ የፈረሙት የወንድማማችነት ሰነድ ብዙ ተወራለት። ሰነድ አልንቅም፤ ግን ስብሰባና ፊርማ እዚህ አገርም ሞልቷል። እኔ የምመዝነው በ84 ዓመታቸው ኢራቅ ድረስ ሄደው፣ ነጃፍ ላይ የሺዓ ሙስሊሞቹን ታላቅ የሃይማኖት መሪ የአያቶላ ሲስታኒን በር ማንኳኳታቸውን ነው። ሰው ቤቱ ድረስ ሲሄዱለት ሌላ ነው። ከራሳቸው ካቶሊኮች ብዙ ያጉረመረመባቸው እንደነበርም አይዘነጋም።

በ2017 የእኛና የእነሱ ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ፤ እሳቸው በማግስቱ፣ በማዕዶት አረፉ። አጎቴ «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ከልባቸው። የእግር ማጠቡን ነገር ግን እስካሁን አልተቀበሉትም። ሥርዓት ሥርዓት ነው ይላሉ፤ ባለፈው እሑድም በዚሁ ስንከራከር ቡናው ቀዘቀዘብን።