የዛሬው ተመስገን የታለ?

ልጅ ሆኜ እናቴ «ቀልበ ቢስ» ትለኝ ነበር። ጨው ግዢ ተብዬ ወጥቼ ስኳር ይዤ እመለሳለሁ። በ36 ዓመቴ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ሐኪም ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥን የሚያከብድ የአእምሮ ሁኔታ) እንዳለብኝ ነገረችኝ። አብዛኛው ጥያቄዋ ስለ ልጅነቴ ነበር፤ ለካ ምልክቶቹ 12 ዓመት ሳይሞላ የታዩ መሆን አለባቸው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት።

መድኃኒት ጀመርኩ፤ ረድቶኛል፣ አሁንም እወስዳለሁ። ራሴን የመውቀስ ልማዴ ግን በኪኒን አልሄደም። ሐኪሟ ማይንድፉልነስ፣ ማለትም ልብን አሁን ባለው ነገር ላይ የማድረግ ልምምድ፣ እንድሞክር መከረችኝ። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆን ካባት-ዚን በ1979 (እ.ኤ.አ.) ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ነው ብዙ ቦታ የተስፋፋው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ትንፋሽሽን ተከታተይ፣ ሐሳብሽ ሲሄድ ሳትቆጪ መልሺው። እኔ 20 ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ መቀመጥ ፈጽሞ አልቻልኩም።

ቡና ስቆላ ግን ቻልኩ! ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ምጣዱን እጥዳለሁ። ሲንጣጣ እሰማለሁ፣ ቀለሙ ሲለወጥ አያለሁ፣ ጭሱን አሸታለሁ፤ ሐሳቤ ወደ ሥራ ሲሸሽ ሽታው ራሱ ይመልሰኛል፣ ምክንያቱም ትንሽ ከዘነጋሁት ያራል። በሥራ ቀን ደግሞ ቁልፌን ሳስቀምጥ ጮክ ብዬ «መንጠቆው ላይ ሰቀልኩት» እላለሁ። በጣም የጠቀመኝ ይኼ ነው። ቁልፍ ፍለጋ የማባክነው ጠዋት ቀረ።

ከዚህ ጋር የጀመርኩት የምስጋና ልምምድ ግን ከበደኝ። ተመስገን ማለት ለኛ አዲስ አይደለም፤ እንዴት ነሽ ሲሉን ከአፋችን የሚወጣው እሱ ነው። ደብተር ገዝቼ ማታ ማታ «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ» እያልኩ ጻፍኩ። በሳምንቱ ያንኑ እየገለበጥኩ መሆኔን አየሁና ሰለቸኝ፣ ደብተሩም ጠፋ። ከዚያ ለውጥ አደረግኩ። ማታ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በቴሌግራም ድምፅ እልካለሁ፤ እዚያ ሊነጋ ሲል ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ የዛሬ የሆነ፣ ከነዝርዝሩ። «አውቶቡስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ጓንቴ ሲወድቅ አንስተው ሰጡኝ።» ወይም ራሴ ያደረግኩትን፦ «የመብራት ሂሳብ በቀኑ ከፈልኩ።» ይቺ ሁለተኛዋ ናት ወቀሳውን ቀስ በቀስ ያላላችው፤ ለካ በየቀኑ የምጨርሰው ነገር ነበረኝ፣ የማየው ግን የቀረውን ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ምስጋናን ንዴት ማፈኛ አታድርጉት። አንድ ጊዜ የቤት ኪራይ ረስቼ ቅጣት ስከፍል «ተመስገን፣ ቤት አለሽ» ብዬ ራሴን ዝም ላሰኝ ሞከርኩ፣ ይባስ ከፋኝ። የሚያስፈልገኝ የስልክ ማስታወሻ ነበር። እሱን ሞላሁ።

ይህን ሁሉ ከጀመርኩ አሁን 14 ወር ሆነኝ። ሳምንት ሙሉ የምዘነጋበት ጊዜ አለ። ያኔ እህቴ «የዛሬው ተመስገን የታለ?» ብላ ትጽፍልኛለች፣ እኔም ከዚያው ከቀኑ እጀምራለሁ።