ከፍተኛ ተፎካካሪ የሕግ ትምህርት ቤት መግባት፦ ጊዜዬን ያዋልኩበትና ያላዋልኩበት

የአሜሪካ የጄዲ (የሕግ ዲግሪ) ማመልከቻ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ሚዛኑን የሚደፉት ግን ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ጂፒኤና የኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤት። ጂፒኤው በምረቃ ቀን ተዘግቷል፤ የማስተርስ ውጤት እንኳ አይጨመርበትም። ስለዚህ ከነበረኝ ጊዜ አብዛኛውን ለኤልሳት ሰጠሁ። እንደገና ብጀምረውም እንደዚያው አደርግ ነበር።

ከጥናቱ በፊት አንድ ሥራ አለ። በአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በዲሴምበር «509» የሚባል ሪፖርት ያወጣሉ። ባለፈው መስከረም የገቡት ተማሪዎች ኤልሳትና ጂፒኤ መካከለኛው (ግማሾቹ ከሱ በላይ፣ ግማሾቹ ከሱ በታች የሆኑበት)፣ የታችኛው ሩብና የላይኛው ሩብ ወሰን በቁጥር ተቀምጦበታል። የደረጃ ሰንጠረዥ ከማገላበጥ ይህን ማንበብ ይሻላል። ፈተናው ከ120 እስከ 180 የሚታረም ሲሆን፣ እንደ ዬልና ሃርቫርድ ባሉት መካከለኛው ውጤት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ 174 አካባቢ ነው። ሁለቱም ቁጥሮቼ ከመካከለኛው በላይ የሆኑባቸውን፣ አንዱ ብቻ የሆነባቸውንና ሁለቱም ከታችኛው ሩብ በታች የወደቁባቸውን ለየብቻ ጻፍኩ። ሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ ከሁለት በላይ ማስገባት የማመልከቻ ገንዘብ ማባከን ነው።

ፈተናው ከኦገስት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሎጂክ ጨዋታ ክፍሉ (ሰዎችን ወይም ነገሮችን በተሰጠ ደንብ የማደላደል እንቆቅልሽ) ወጥቶለታል። አሁን የሚታረሙት ሁለት የሎጂክ ምክንያታዊነት ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የማይታረም አንድ የሙከራ ክፍል ተቀላቅሎ ይመጣል፣ የትኛው እንደሆነም አይነገርም። እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ሎጂኩ 25 ገደማ ጥያቄ ስላለው ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርሰዋል። ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፤ ባዶ መተው የለም። የድሮ የጥናት መጻሕፍት ሩባቸው ያህል ስለ ጨዋታዎቹ ስለሆነ ከመግዛት በፊት የታተሙበትን ዓመት ማየት ነው።

ሎጂኩ ምን እንደሚጠይቅ በራሴ ምሳሌ ላሳይ። «ከተማው ዋናው መንገድ ላይ መብራት ጨመረ። በቀጣዩ ዓመት የሌሊት የመኪና አደጋ በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ አደጋውን የቀነሰው መብራቱ ነው።» ጥያቄው ክርክሩ የግድ የሚያስፈልገው ታሳቢ የቱ ነው የሚል ነው። ሀ፦ መብራት መጨመር አደጋ ለመቀነስ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው። ለ፦ በዚያ ዓመት በመንገዱ የሚያልፈው የሌሊት ትራፊክ፣ ብቻውን አደጋውን በግማሽ በሚያወርድ መጠን አልቀነሰም። ሀ ደምቆ ይታያል፤ ስለ መብራት ያወራላ። ግን አፍርሰው፣ ማለትም ተቃራኒው እውነት ነው በል፦ «መብራት ከሁሉም የተሻለው አይደለም»። ክርክሩ ምንም አልሆነም፤ ሁለተኛው የተሻለ መንገድም ቢሆን አደጋ ሊቀንስ ይችላል። «ለ»ን አፍርሰው፦ ትራፊኩ ያን ያህል ቀንሷል። መደምደሚያው ወዲያው ተናደ። መልሱ ለ ነው። የሚያሳስተው ብዙውን ጊዜ እንደ «ከሁሉም የተሻለ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ብቻ» ያለ ክርክሩ ራሱ ያልጠየቀው ኃይለኛ ቃል ነው።

ውጤቴን ያነሳው የፈተና ብዛት ሳይሆን የስህተት ደብተር ነው። ሰዓት ይዤ አንድ ሙሉ ፈተና እሠራለሁ፤ የተጠራጠርኩባቸውን ምልክት አደርጋለሁ፤ መልሱን ሳላይ እነሱን ያለ ሰዓት ደግሜ እሠራለሁ፤ ከዚያ ነው የማርመው። ያለ ሰዓት ካገኘኸው ችግርህ ፍጥነት ነው፤ ያለ ሰዓትም ከሳትከው አልገባህም። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ ሁለተኛውን በፍጥነት ልምምድ ለማከም መሞከር ወራት ይበላል። ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ስህተት ሦስት ነገር ይጻፋል፦ የተሳሳተው ለምን ማረከኝ፣ የትኛው ቃል ነው የሚጥለው፣ ትክክለኛውን ለምን ሸሸሁት። «ቸኩዬ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ምንም አያስተምርም። በሳምንት ከሁለት ሙሉ ፈተና በላይ አልሠራሁም፤ አንዱን አጥርቶ መገምገም ከመሥራቱ የበለጠ ሰዓት ይወስዳል።

መቼ መፈተን? የልምምድ ውጤት በሰዓት ተይዞ በተከታታይ አምስት ፈተና ዒላማው አካባቢ ሲረጋ። አንድ ጊዜ የመጣ ከፍተኛ ውጤት መለኪያ አይሆንም። በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ሙሉ ደግሞ ሰባት ጊዜ ብቻ ስለሚፈቀድ ፈተናው «እስቲ ልሞክረው» የሚባልበት አይደለም። ደግሞ መፈተን ግን አያስፈራ፤ ትምህርት ቤቶቹ ሪፖርታቸው ላይ የሚያስገቡት ከፍተኛውን ነው። ጁን ላይ መፈተን የሚመቸው ለዚህ ነው፤ ካልሆነ ኦገስት አለ፣ ማመልከቻውም የሚከፈተው ሴፕቴምበር አካባቢ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ በመጣ ቁጥር እያነበቡ ወንበር ስለሚሞሉ ኖቬምበር ከፌብሩዋሪ ይሻላል። ሆኖም ሦስትና አራት ነጥብ የሚጨምርልህ ከሆነ አንድ ወር መዘግየት ዋጋው ያንሳል።

ወረቀቱ የሚሰበሰበው ኤልሳትን በሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በኤልሳክ በኩል ነው። ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ተቋም ሁሉ፣ አንድ ሴሚስተር ብቻ የተማሩበትም ቢሆን፣ በቀጥታ ወደዚያ ይላካል። ኤልሳክ ጂፒኤውን በራሱ መንገድ ያሰላዋል፦ ኤ ፕላስ 4.33 ነው፤ ተደግሞ የተወሰደ ኮርስ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለቱም ከታዩ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ከአሜሪካና ካናዳ ውጪ ለተማረ ቁጥር አይወጣለትም፤ ውጤቱ ተገምግሞ በደረጃ ቃል ነው የሚገለጸው። ይህ ግምገማ ሳምንታት ስለሚፈልግ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት መጀመር አለበት። ፋይል ሳይሟላ የሚቀረው በአብዛኛው በትራንስክሪፕትና በደብዳቤ ምክንያት ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ይበቃል፤ ጽሑፍህን አርሞ ከሚያውቅ መምህር ይሁን። ስምህን የሚያስታውስ ታዋቂ ፕሮፌሰር፣ ያቀረብክበትን ክርክር ከሚያስታውስ ረዳት መምህር ያንሳል። ስጠይቅ የሠራሁትን ወረቀት ከነእርማቱ አያይዤ፣ ስድስት ሳምንት ሰጥቼ ነበር።

የግል መግለጫው ብዙውን ጊዜ ሁለት ገጽ ነው። ሃርቫርድ በ2023 አንዱን ለሁለት ከፍሎ ስለ ዓላማና ስለ አተያይ ለየብቻ መጠየቅ ጀምሯል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጽሑፍ መላክ አይሠራም። ሲቪውን በአንቀጽ መልሶ መጻፍ የተለመደው ውድቀት ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍትሕ እወድ ነበር» የሚለው ሁለተኛው። የእኔ መፈተኛ ቀላል ነው፦ ስሜን አጥፍቼ የሌላ ሰው ስም ባስገባበት ጽሑፉ ካልተናጋ፣ እንደገና ይጻፋል።

ዝቅ ያለ ሴሚስተር ካለ በአራት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ይያያዛል፦ ምን ሆነ፣ መቼ፣ መቼ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ምን ሆነ። የዲሲፕሊን ጥያቄዎች ላይ ትንሹም ይነገር፤ የጥብቅና ፈቃድ ሲጠየቅ ይኸው ማመልከቻ ተመልሶ ይታያል፣ ከጥፋቱ ይልቅ መደበቁ ያስቀጣል።

ገንዘቡን በሚመለከት ዬል፣ ሃርቫርድና ስታንፎርድ የሚረዱት በችግር መጠን ብቻ ነው። ሌሎቹ በውጤት ይሰጣሉ፤ የተሻለ ስጦታ በደረጃው ከሚመጣጠን ሌላ ትምህርት ቤት ከመጣ ደብዳቤውን አያይዞ እንዲጨምሩ በጨዋነት መጠየቅ የተለመደ ነው። ስኮላርሺፑ «ውጤትህ ከዚህ በታች ከወረደ ይቋረጣል» የሚል ከሆነ እዚያው 509 ላይ ስንት ተማሪ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተነጠቀበት ተጽፏል፤ ከመፈረም በፊት መታየት አለበት።

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ከገባህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ ከማመልከቻው ወዲህ ያለ አዲስ ውጤት ወይም ሥራ ይኑረው፣ ከተቀበሉህ እንደምትገባ እውነት ከሆነ ብቻ በግልጽ በለው። በየሳምንቱ ኢሜይል መላክ አያስፈልግም።