ከ24 ወደ 34 ጫማ፦ ቤታችንን በቤት ስንለውጥ

ባለቤቴ ተጓዥ ነርስ ናት። ኮንትራቷ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሳምንት ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል። እኔ 11 ዓመት ትራክ ነድቼ ነው ያቆምኩት። በየሦስት ወሩ አፓርታማ ማሳደድ ሲሰለቸን በ2021 ዳላስ ላይ 24 ጫማ ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ኩሽና ያለው የሚነዳ ቤት ገዛን፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት የለንም። በ2024 ኦገስት ደግሞ ወደ 34 ጫማ ተሻገርን። እዚህ ውሳኔ ላይ ቆማችሁ የምታመነቱ ስላላችሁ፣ የሄድንበትን እንደሆነው ልጻፈው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ምጣዱ ነው። የትንሿ መስመር 30 አምፒር ነበር፣ በ120 ቮልት 3,600 ዋት። ምጣዳችን ብቻውን 1,500 ይወስዳል፣ ኤሲው ሲሠራ እዚያው አካባቢ ነው፣ የውሃ ማሞቂያው 1,400 ገደማ። ፎኒክስ በጁን ኤሲ አይጠፋም፤ ባለቤቴም ሌሊቱን ሠርታ ቀን ነው የምትተኛው። አንድ ቀን ሊጡን አዙሬ አክንባሎውን ስከድን ማሞቂያው ራሱን አበራ፤ ወዲያው ሁሉም ድርግም አለ። ብሬከሩን መልሼ እስክመጣ ምጣዱ በርዷል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ደርቆ ቀርቷል፣ እሷም በሙቀቱ ነቅታ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ያንን ፊቷን አልረሳውም።

ለዚህስ መላ አለው፤ ማሞቂያውን በጋዝ አድርገን ከረምን። መላ ያጣነው ለክብደቱ ነው።

ትራክ ስነዳ ሳልመዘን መንገድ አልወጣም ነበር፤ የገዛ ቤቴን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሚዛን ላይ አላወጣሁም። እስካሁን ይቆጨኛል። ትራክ ስቶፕ ገብቼ ካት በሚባለው የትራክ ሚዛን ላይ ሳወጣት 14,600 ፓውንድ መዘነች። የተሠራችበት ፎርድ ኢ-450 ሻንሲ፣ ቤቱ የሚቀመጥበት የመኪናው አካል ማለት ነው፣ የተፈቀደለት 14,500 ነው። የባሰው የኋላው አክስል፣ የኋላ ጎማዎቹ የሚያያዙበት ዘንግ፣ ነበር፤ ልኩ 9,600 ሆኖ ሳለ 9,980 ተሸክሟል። የጤፍ ከረጢቱ፣ የክረምት ልብሱ፣ የእኔ መፍቻ ሳጥን፣ ሁሉም የተከማቸው ከኋላ ነው። ዕቃ ቀነስን፤ ግን ሙሉ ሕይወቱን ይዞ የሚዞር ሰው የሚቀንሰው ቶሎ ያልቅበታል።

ስለዚህ ፍለጋ ስንወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ርዝመት አልነበረም። ሹፌሩ አጠገብ ወይም በሩ ጋ «የሰውና የዕቃ ድምር ከዚህ አይለፍ» የሚል ቢጫ ወይም ነጭ ወረቀት ይለጠፋል። እሱን ሳላነብ ሶፋ ላይ አልቀመጥም አልኩ። መጀመሪያ ያየነው 38 ጫማ ነበር፤ ባለ ሁለት መታጠቢያ፣ እሳት ማንደጃ የመሰለ ማሞቂያ ያለው፣ ዓይን የሚገባ። ወረቀቱ ላይ ያለው 1,700 ፓውንድ ነው። ውሃ በጋሎን 8.34 ፓውንድ ይመዝናል፤ 75 ጋሎን ስትሞሉ 625 ሄደ። እኛ ሁለታችን 330። የቀረን 745 ብቻ ነው፤ ለሳህን፣ ለልብስ፣ ለምግብ፣ ለሁሉም። ረጅሙ ቤት ከአጭሩ ያነሰ የሚሸከምበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ሻንሲው ያው ሆኖ ቁም ሳጥኑና ስላይዱ (ስትቆሙ ወደ ውጭ የሚገፋው የቤቱ ክፍል) ሲበዛ ለእናንተ የሚተርፈው ያንሳል። በመጨረሻ የያዝነው 34 ጫማ፣ የ2017 ሞዴል፣ ቤንዚን፣ ፎርድ ኤፍ-53 ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 22,000፣ ወረቀቱ 3,300 የሚል ነው።

አሮጌዋን ራሳችን ብንሸጣት ወደ 4,000 ዶላር እናተርፍ ነበር። ግን የምንኖርባት እኛ ነን፤ ገዢ ሊያያት ሲመጣ ድስታችን ምድጃ ላይ ነው፣ ከተሸጠች ደግሞ ማታ የምንገባበት የለም። በ34,000 ለአከፋፋዩ ሰጥተን በ89,000ዋ ላይ አስቀነስን። ቴክሳስ የመኪና ታክስ 6.25 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም የሰጣችሁት መኪና ዋጋ ተቀንሶ ነው። በዚህ ብቻ 2,125 ዶላር ቀረልን፤ ራሳችን ብንሸጣት እናተርፈው የነበረው 4,000 ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ጎማው ላይ ግን ክርክር ነበር። ሻጩ «ገና አዲስ ነው፣ ጥርሱን እዩት» አለን። ጥርሱ እውነትም ሙሉ ነው። ተንበርክኬ በእጅ ባትሪ ስፈልግ ከጎኑ ከተጻፈው ቁጥር መጨረሻ ላይ 4616 አገኘሁ፤ በ2016 46ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ሞተርሆም ብዙ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ቢተርፍም ከ10 ዓመት አታሳልፉ ይላሉ፤ እኔ ግን ሚስቴን ይዤ በሀይዌይ ስምንት ዓመት ሊሞላው በተቃረበ የፊት ጎማ አልሄድም። ስድስቱንም ቀየሩልን፤ ግማሹን እኛ ከፈልን።

ግቢያቸው ውስጥ ሁለቱን በር ለበር አቁመን ሁለት ቀን ዕቃ አሻገርን። በዳላስ የኦገስት ፀሐይ መሆኑን አስቡት። ባለቤቴ መጀመሪያ ያሻገረችው የሊጡን ባልዲ ነው፤ እርሾው በዚያ ሙቀት እንዳይበላሽ ብላ አዲሱ ቤት ውስጥ ኤሲ ሥር አስቀመጠችው።

አሁን 50 አምፒር ነው። ስሙ እንዳያታልላችሁ፤ ሁለት የ50 መስመር ስለሆነ 12,000 ዋት ይሰጣል፣ ከፊተኛው ሦስት እጥፍ በላይ። 30 ብቻ ያለው ካምፕ ስትገቡ ግን አስማሚው ተጨማሪ ኃይል አያመጣም፤ ያው 3,600 ነው፣ ያው በተራ በተራ ነው። በትልቁ ቤት ሱቅ ደርሶ መመለስም ቀረ፣ ለሥራዋም መኪና ያስፈልጋታል። ስለዚህ የ2014 ሆንዳ ሲአርቪያችንን በአራት ጎማዋ ከኋላ እንጎትታለን። ሁሉም መኪና እንዲህ አይጎተትም፤ መመሪያ መጽሐፉን ሳታነቡ አታስሩ፣ ማርሹን ይበላዋል። የምትጎተተዋ የራሷ ተጨማሪ ፍሬን ይኑራት። ታስራ ሳለች ወደ ኋላ መሄድ የለም፤ ጠባብ ማደያ ከገባችሁ ፈትታችሁ ነው የምትወጡት። አንድ ጊዜ በዝናብ ፈትተናታል።

ከቆዩት የመንግሥት ፓርኮች አንዳንዶቹ ለእኛ አጥረውብናል። በፊት ዛፍ ሥር የምንገባበት ቦታ አሁን በሩ ላይ ያለው የርዝመት ልክ ይመልሰናል። ይህንን ከልብ አጥቻለሁ። ኢንሹራንሱም ተለውጧል፤ ለእረፍት ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ውልና ሙሉ ጊዜ ለሚኖርበት ሰው የሚሆነው አንድ አይደለም። አደጋ ከደረሰ በኋላ ከማወቅ አስቀድማችሁ «እንኖርበታለን» ብላችሁ ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት፣ ውሃውም ቤንዚኑም ሙሉ፣ ጤፉም ተጭኖ ሳለ ካት ሚዛን ላይ አወጣናት። ፊት 7,240 ከ8,000፣ ኋላ 13,480 ከ15,000፣ ድምር 20,720። የጎማውን ነፋስ በዚሁ ክብደት ከአምራቹ ሰንጠረዥ አስተካከልኩ። ከዚያ ካምፕ ገብተን ኤሲው እየሠራ፣ ማሞቂያው እየሠራ፣ ባለቤቴ ተኝታ እያለች 22 እንጀራ ጋገርኩ። ስትነቃ ከሰፌዱ ላይ የላይኛውን አንስታ ገለበጠችው፣ ዓይኑን አየችና ቡና አፈላች።